ከብርድ ልብሱ ጀርባ

ይህን የሰማሁት ከራሷ ከወርቄ አፍ ነው። ያላመነ ፉሪ ድረስ ሄዶ ይጠይቃት።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ሳሎኑን ሞልታዋለች። ጨለማ የሚባል ነገር አልነበረም...

ወርቄ፣ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ልብስ ትሸጣለች። ዕድሜዋን በሰው ግቢ ተከራይታ «ድምፁን ቀንሺው» ስትባል ነው የኖረችው። ፉሪ ላይ የራሷን ቤት ሠርታ ስትገባ መጀመሪያ የገዛችው ሁለት ትልልቅ ስፒከር ነው።

ግን ድምፁ ጆሮ ይበሳል። ዘፋኟ «ሰ» ባለች ቁጥር ምላጭ ነው። የድራሙ ሳህን ደግሞ...

ጭ... ጭ... ጭ...

ጎረቤቷን ኦልጅራን ጠራችው፤ ኤሌክትሪሺያን ነው። ቀጭኑ ድምፅ ከሴራሚኩና ከባዶው ግድግዳ እየነጠረ እንደሚመለስባት ነገራት። ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ፣ ቀነሰላት። ስፒከሮቹን ከፊቷ ትንሽ ዘወር አደረጋቸው። ምንጣፍ ዘረጉ። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀሉ።

ድምፁ ለሰለሰ። ወርቄ ደስ ብሏት ዓይኗን ጨፈነች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

ጭ... ጭ...

ኦልጅራ ትሬብሉን ጨርሶ ዘጋው። አልጠፋም።

ዘፈኑን አቆመው። አልጠፋም።

ገመዱን ከሶኬት ነቀለው...

ጭ... ጭ...

ከብርድ ልብሱ ጀርባ ነው የሚመጣው። እዚያ ያለው ብሎኬት ነው። ከብሎኬቱ ወዲያ ባዶ ሜዳ።

ኦልጅራ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አየ። ግድግዳ ብቻ። መልሶ ሲለቀው ግን ድምፁ ቀረበ። አሁን ቃል ሆኗል።

«ጭጭ... በይ።»

ኦልጅራ ክንዷን ያዛት።

«እንውጣ» አላት በሹክሹክታ።

ወርቄ ክንዷን አስለቀቀች። ከፍርሃቱ ንዴቱ በለጠባት። እዚህም? በገዛ ቤቷም?

«ዕድሜዬን ሙሉ ጭጭ ብያለሁ» አለች ግድግዳውን እያየች። «ከዚህ በኋላ አልልም።»

ዘፈኑን ከቆመበት ራሷ እየዘፈነች ቀጠለችው። መጀመሪያ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ... ከዚያ ጎላ...

ብርድ ልብሱ መሃሉ ላይ ቀስ ብሎ አበጠ። ክብ ነገር... የሰው ጭንቅላት የሚያህል።

ኦልጅራ በሩን በርግዶ ወጣ።

ወርቄ አልወጣችም። እንዲያውም ጠጋ ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

ያኔ ከብርድ ልብሱ ስር፣ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ፣ ሁለት መዳፎች ቀስ ብለው መጡና...

የገዛ ጆሮውን ደፈኑ።