የገደማ ቁራኞች

በኤልጎራ ምድር፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንድ ጧት የቤተ መንግሥቱ ታላቅ ነጋሪት ማንም ሳይነካው ጮኸ። ድምፁ ከሸለቆ ሸለቆ እየተንከባለለ እስከ ጨው ባሕር ዳር ተሰማ፤ በመስክ የነበሩ ፈረሶች ተንበረከኩ፤ የምንጮች ውኃ ደም መሰለ። ራእይ ተርጓሚዎች ጾመው ሲያበቁ ለንጉሡ እንዲህ አሉ፦ «አንዲት ሴት የአገሪቱን ሕግ ትገለብጣለች።»

የትኛውን ሕግ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሕጉ መገልበጥ ይገባው እንደሆነ የሚጠይቅማ ከየት ይመጣል። ሴቲቱን ፈልጉ ተባለ፤ ፍለጋውም ሩቅ አልወሰደም።

መምህርት ጸደንያ በዋና ከተማዋ በድርባ፣ በሕግ ቤት፣ ወንበር ዘርግታ የምታስተምር የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ተማሪዎቿ «የኔታ» ይሏታል። ይህ መጠሪያ የሽማግሌዎቹን ሊቃውንት ጉሮሮ እንደ ዓሣ አጥንት ይወጋቸው ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያሉ በየደጀ ሰላሙ ይተርቱባታል። ተረቱን የፈጠረችው ሴት እንዳልሆነች ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም።

የምታስተምረው ግን ከመጠሪያዋ የባሰ ነበር። ክልክል ሆኖ ሳለ ለሴቶች ሕጉን ታስነብባለች። የኤልጎራ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ልጃገረድ ጠልፎ አንድ ክረምት በቤቱ ያቆየ ወንድ ባሏ ነው። አምልጣ የወጣች እንደሆነ ደግሞ ልጅቱ ሌባ ናት፤ የሰረቀችው ራሷን ነው። ሌባዋም በገደማ ተራራ ወህኒ ትታሰራለች። ሰው ጽፎ፣ ሰው አንብቦ፣ ሰው አጽድቆ፣ ማንም ሳያፍር ዘመናት ያለፉት ሕግ ይህ ነበር።

ይህን ሕግ ንጉሡ እንኳ አይሽረውም። መሻር የሚችለው በገደማ ጫፍ የሚያስችለው ዳኛ ጌዴር ብቻ ነው፤ ከነገሥታቱ ሁሉ በፊት የነበረ፣ በጀርባው ላይ የወይራ ደን የበቀለበት ታላቅ ኤሊ። ሴት ደግሞ ወደ ጌዴር ችሎት ክስ ይዛ መቅረብ አትችልም። የተከሰሰች ሴት ግን ቃሏ ሳይሰማ አይፈረድባትም። ስለዚህ ባላባቱ ኮርማይ፣ ጠልፎ ያቆያት ልጅ ብታመልጠው፣ «ሚስቴን ሲራኔን ደብቃብኛለች» ብሎ በከሰሳት ጊዜ፣ ወዳጆቿ በቅሎ ጭነው አምልጪ ቢሏት አሻፈረኝ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ የተዘጋባትን በር ጠላቷ ከፍቶላት ነበር።

በዚያ አገር ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ። አብረው ይበላሉ፤ አብረው ይተኛሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሬሳውን ጎትቶ ችሎት ይቀርባል። ከሳሽ ካልረታ፣ ለተከሳሹ የታሰበው ቅጣት በሰንሰለቱ በቆመው ከሳሽ ላይ ይመለሳል። ጸደንያ ከኮርማይ ጋር ለመቆራኘት ተዘጋጅታ ነበር። በመንገድ የምትነግረውን ሁሉ አስባ፣ በሳቅ አጅባ ጠብቃው ነበር።

የቁርኝቱ ዕለት ያመጡት ኮርማይን አልነበረም። የኮርማይ ሰዎች ከተደበቀችበት ጎትተው ያወጧት ሲራኔ ነበረች፤ ገና ጡቷ ያጎጠጎጠ፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ ልጅ። ባል በራሱ ፈንታ ሚስቱን መተካት ይችላል የሚል አንቀጽ ነበረ።

«መምህርት፣ መጽሐፉን ሁሉ ውጣዋለች ይሉሻል» አለ ኮርማይ ከበቅሎው ላይ ሆኖ። «ይቺን አንቀጽ ግን ሳታኝኪያት ነው ያለፍሻት።»

እውነቱን ነበር። ያናደዳትም እውነቱን መሆኑ ነበር።

አጃቢያቸው አባ ነጎድ የሚባል ሽማግሌ ወታደር ነበር፤ አንደበቱ ከጎራዴው የሚፈጥን። ከድርባ በር ጀምሮ አፉን አልዘጋም። ስለ ጥርሱ አወራ፣ ስለ ሦስተኛ ሚስቱ አወራ፣ ጸደንያን «እመቤቴ ሕግ አዋቂ፣ እስቲ ይህን ዝናብ ክሰሺልን» እያለ ቀለደባት። ሲራኔ ግን ወንዝ ተሻግረው ዳገት እስኪጀምሩ አንድ ቃል አልወጣትም። ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«የኔታ፣ እውነቱን ከተናገርኩ እኔ እታሰራለሁ። ከዋሸሁ እርስዎ ይታሰራሉ። የዚህ መልስ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?»

ከጥያቄው ይልቅ ጸደንያን ያስደነገጣት በልቧ ብቅ ያለው ሐሳብ ነበር፦ አንዲት ልጅ ብትታሰር፣ ሺዎች ነጻ ይወጣሉ፤ ዋጋው ርካሽ ነው። ሐሳቡ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ነበር። ቀጥሎ ደግሞ የማን ሐሳብ እንደሆነ አወቀችው። ሰውን እንደ ዕቃ በራሱ ፈንታ የላከው ኮርማይ ነበር፤ እርሷም ዕቃውን ተቀብላ ልታስቀምጥ ነበር። ያን ቀን ምግብ አልበላችም። በልጅቱ ላይ፣ በሕጉ ላይ፣ ከሁሉም በላይ በገዛ ራሷ ላይ ተቆጣች።

ወደ ገደማ የሚያወጣው አጭር መንገድ በጭጋግ ገደል ያልፋል። በዚያ ገደል ድምፀ-በል ይኖራል፤ ዓይን የሌለው፣ እንደ ጭስ የሚሳብ፣ የሰው ድምፅ የሚበላ አውሬ። በገደሉ ውስጥ የጮኸ ሰው ነፍሱ ትተርፋለች፤ ድምፁ ግን ዳግም አይመለስም። ኮርማይ ራሱ በላይኛው ሰፊ መንገድ ሄዷል። አባ ነጎድን ግን በገደሉ ውሰዳቸው፣ መምህርቲቱንም አስጩሃት ብሎ አዝዞት ነበር፤ በኤልጎራ ችሎት የማይናገር ተከሳሽ እንዳመነ ይቆጠራልና። ይህን ሽማግሌው የገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ነገራቸው። አላደርገውም ግን አላለም። ተመልሶ እንዳይሄድም የኮርማይ ፈረሰኞች ከኋላ ነበሩ። ቀድሟቸው ገባ።

እኩሌታው ላይ ሲደርሱ የሲራኔ እግር ከጠባቧ መንገድ አመለጠ። ሰንሰለቱ ጸደንያን በደረቷ ጣላት። ልጅቱ በአየር ላይ ተንጠለጠለች። ጸደንያ ክንዷ ከትከሻዋ ሊነቀል ሲል ከንፈሯን ነከሰች፤ ደም አፏን ሞላው፤ አልጮኸችም። ጭጋጉ መካከል ግራጫ ነገር አንገቱን አቀና። የሲራኔ አፍ ሲከፈት አየች፤ ምንም ማድረግ አልቻለችም።

በዚያች ቅጽበት አባ ነጎድ ከእነርሱ ራቅ ብሎ ወደ ገደሉ ጫፍ ወጣና ዘራፍ ብሎ ፉከራውን ለቀቀው። ከአባቱ ጀምሮ፣ የዋለበትን ጦር ሜዳ ሁሉ፣ የገደለውን፣ ያልገደለውንም ጨምሮ ፎከረ። ድንጋዩ አስተጋባ። አውሬው ወደ ድምፁ ተወረወረና እንደ ብርድ ልብስ ሸፈነው። ጭጋጉ ሲገለጥ ሽማግሌው ቆሞ ነበር፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማ የለም። ሰንሰለቱን ይዞ ሁለቱንም ጎተታቸው። ከዚያ ወዲያ እስከ ተራራው ጫፍ የተሰማው የእግራቸው ኮቴ ብቻ ነበር። የቀልዱ ጊዜ ሲደርስ ጸደንያ ሳታስበው ጆሮዋን ታቀና ነበር፤ ዝም።

ዳኛ ጌዴር ጭንቅላቱን ከቅርፊቱ ሲያወጣ በጀርባው ያለው ደን ተንሿሿ። ኮርማይ ሐር ለብሶ በጥላ ሥር ተቀምጧል።

«የድርባ መምህርት፣ የዚህን ሰው ሚስት ደብቀሻል?» አለ ጌዴር፤ ድምፁ ከመሬት ሥር የመጣ ይመስል ነበር።

«ደብቄ እንደሆነ ከመመለሴ በፊት፣ ሚስቱ መሆኗ ይታወቅልኝ» አለች ጸደንያ። «ከሳሽ ትጠየቅልኝ።»

ለልጅቱ ምን እንደምትል አልነገረቻትም ነበር። መንገዱን ሁሉ ልትነግራት አፏን ከፍታ ዘግታዋለች። ሲራኔ ድምፀ-ቢሱን ሽማግሌ አየችው።

«ሚስቱ አይደለሁም» አለች። «ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነው የያዙኝ። ክረምቱን ሙሉ በሩ ከውጭ ተቆልፎብኝ ነበር። ሚስት በር ይቆለፍባታል?»

ኮርማይ ተነሥቶ ካልተከሰሰች በቀር የሴት ቃል በችሎት አይቆጠርም አለ።

«የሴት ቃል የሰማ የለም» አለች ጸደንያ። «ተተኪ አፍ የላኪው አፍ ነው ይላል አንቀጹ፤ እንዳኝከው ያወጣኸው አንተው ነህ። ሚስትህ ከሆነች ቃሏ ቃልህ ነው፤ ‘ሚስቴ አይደለችም’ ብለሃል። ሚስትህ ካልሆነች ክስህ ሐሰት ነው። ምረጥ።»

ኮርማይ አልመረጠም። ጌዴር ፍርዱን ሰጠ። «ሚስት በር አይቆለፍባትም፤ የተጠለፈች ሚስት አይደለችም። ያመለጠች ሌባ አይደለችም። ሕጉ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ክሱ ግን ወድቋልና፣ በሰንሰለቱ የቆመችው ከሳሽ ትታሰር።»

ጸደንያ ቅጣቱ ለላኪው ይገባል ብላ ተሟገተች፤ አንቀጽ ጠቀሰች፤ ጮኸች። ጌዴር ሕጉ በሰንሰለት ያለውን እንጂ በጥላ የተቀመጠውን አያውቅም አላት። ያንን ሕግ የጻፉት በጥላ የሚቀመጡ ናቸውና አያስደንቅም። ከቁራኞቹ አንዷን ሳይወስድ የገደማ ወህኒ ሰንሰለቱን አይፈታም።

«እንግዲያው እኔን ይውሰድ» አለች። «ለሴት ሕግ ማስነበብ ክልክል ነው፤ ቅጣቱም ወህኒ ነው። ማንም ስላልከሰሰኝ ራሴ እከስሳለሁ። በገደማ አምላክ ስም፣ አስነብቤአለሁ።»

ሲራኔ እጇን ጨምድዳ ይተዉ የኔታ አለቻት፤ ደጋግማ። ጸደንያ ደፋር አልነበረችም፤ ግን ቃሏን አልመለሰችም። ቀለበቱ ከልጅቱ አንጓ ሲወልቅ በጆሮዋ «ውረጂና ፍርዱን በየገበያው ተናገሪ» አለቻት። «ኮርማይ እዚህ ያልነበረ ሰው እንዳይሰማ ነው የሚጥረው።»

ሲራኔ ከድምፀ-ቢሱ ሽማግሌ ጋር ቁልቁል ወረደች። የወህኒው በር ተከፈተ፤ ራሳቸውን የሰረቁት ሴቶች ይወጡ ጀመር። አንዳንዶቹ ብርሃን አቁስሏቸው ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደዋል። ጸደንያን ማንም አላወቃትም። በጠባቡ በር እየገፏት፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ አለፉ። ጥርሷ የወለቀ አንዲት አሮጊት ብቻ ቆመች።

«አንቺ፣ መውጫው እኮ በዚህ ነው።»

«እኔ ገቢ ነኝ፣ እማማ።»

«ምን አድርገሽ?»

«አስተምሬ።»

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እንግዲያው በስተግራ ያለውን ጥግ ያዢ፤ ሌላው ሁሉ ያፈሳል። አጠገብሽ የምትተኛዋ ባሏን የገደለች ናት፤ የዛሬው ፍርድ የእሷን ነገር አልነካውም። ደግ ሴት ናት፤ ብርድ ልብስ ግን ትስባለች።» ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ጸደንያ በጨለማው ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ ግራ ዞረች። ጥጉ ደረቅ ነበር።