ፊሽካውን ማን ነፋው?

ኢንስፔክተር ቀመሪያ ከመኪና ስትወርድ አቧራው ገና አልሰከነም ነበር። ልደታን ማፍረስ ከተጀመረ ወዲህ እዚህ ሰፈር ስንት ጊዜ እንደተጠራች ረስታዋለች። አንድ ቀን የተሰረቀ ቆርቆሮ፣ ሌላ ቀን የጎረቤት ድብድብ፣ ዛሬ ደግሞ ሬሳ። እግሯ አብጧል፣ እንቅልፍም አልጠገበችም። ሰው ቤቱ ሲፈርስበት እያየች መዋል ሰልችቷታል፤ ግን ሥራ ሥራ ነው።

ባለ አምስት ፎቁ አሮጌ ሆቴል ጠዋት በድማሚት ተንዷል። ከፍርስራሹ ዳር፣ ከአጥሩ ውስጥ፣ የደህንነት ተቆጣጣሪው አቶ ገብረጊዮርጊስ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ሕዝቡን ከአካባቢው ማራቅና ሁሉም መውጣቱን አይተው ፊሽካ መንፋት የእሳቸው ሥራ ነበር። ያለ እሳቸው ፊሽካ ድማሚቱ አይፈነዳም። ከሠራተኛው ሁሉ ቀይ ሄልሜት የሚያደርጉትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ፍንጣሪ ነው የመታው» አለ የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር ፈቃደ፣ አቧራውን ከጎፈሬው እያራገፈ። «ነፋና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ምን ሊያደርግ እንደተመለሰ እንጃ። አቧራው ውስጥ ዘልዬ ገብቼ መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

ቀመሪያ ተንበረከከች። ሄልሜቱ ጭረት እንኳ የለውም፤ ማሰሪያው አገጫቸው ሥር ተቆልፏል። ፎቶ አንሺው እስኪጨርስ ጠብቃ ቀስ ብላ አወለቀችው። መላጣቸው በነጭ አቧራ ተሸፍኗል፤ አናታቸው ላይ ያለው ቁስልም እንዲሁ። በግራ እጃቸው መቁጠሪያ ተጠምጥሟል።

«ይበለው!» የሚል የሴት ጩኸት ከኋላዋ ሰማች።

ሸምሲያ ነበረች፤ ቤቷ ከሆቴሉ ጀርባ ነው። አንድ ፖሊስ ክንዷን ጨብጧል። የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናቷ ሳትወጣ ድማሚቱ ፈንድቶ ጣሪያው ተንዷል። ቁምሳጥኑ ደግፎት ነው እንጂ አሮጊቷ አልቆላት ነበር። አሁን ጎረቤት ቤት ተኝታለች።

«ጠዋት ሰው ሁሉ ፊት ‹እናቴ ሳትወጣ ብትነፋ ደምህን አፈሰዋለሁ› ብላዋለች» አለ ፖሊሱ።

«ብያለሁ! አሁንም እላለሁ!»

«ፊሽካው ሲነፋ የት ነበርሽ?» አለች ቀመሪያ።

«ወደ ተክለ ሃይማኖት እየሄድኩ፣ ተሸካሚ ፍለጋ። ‹ሂጂ አምጪ፣ እስክትመጪ አልነፋም› ብሎኝ ነበር። ሰው ሳላገኝ ፈነዳ። ቃሉን በላ!»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ማን ያየኛል? ብቻዬን ነበርኩ።» ድምጿ ተሰበረ። «ኢንስፔክተር፣ እኔን ካሰሩኝ እናቴን ማን ያገላብጥልኛል? ማንም የላትም እኮ።»

ቀመሪያ ፖሊሱን ክንዷን እንዲለቅ ነገረችውና ወደ ጥበቃው ሽማግሌ ሄደች።

አባባ ገብረየሱስ ሰዓቱ ሲደርስ ሕዝቡን በገመድ አግደው ይዘው ነበር፤ የመሰከረላቸውም መንደርተኛው ሁሉ ነው። ድማሚቱን የሚያፈነዳው ሰውም እዚያው አጠገባቸው ሆኖ ፊሽካ ይጠብቅ ነበር።

«ከሩቅ ነው ያየነው» አሉ። «ቀዩን ሄልሜት ደፍቶ እስከ አጥሩ ጥግ ሄደ። የልደታ ማርያም ጉልላት ከሚታይበት ጥግ። ነፋና ተመለሰ።»

ቀመሪያ ሙስሊም ናት፤ ግን በየቀኑ በታክሲ በቤተ ክርስቲያን በኩል ስታልፍ ተሳፋሪው ሁሉ ሲሳለም ታያለች። መቁጠሪያው ትዝ አላት።

«ተሳለሙ?»

«ምን አልሽኝ ልጄ?»

«እዚያ ጥግ ሲደርሱ ሄልሜታቸውን አውልቀው ተሳለሙ ወይ?»

ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «እሱማ ሳይሳለም አልፎ አያውቅም! ልጆቹ ‹ጋሼ፣ ድንጋይ ቢወድቅብህስ› እያሉ ያሾፉበት ነበር። ዛሬ ግን… አላወለቀም። ቸኩሎ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ቀመሪያ ወደ ፈቃደ ተመለሰች። «እርስዎስ አቶ ገብረጊዮርጊስ ሲነፉ አይተዋቸዋል?»

«በዓይኔ በብረቱ! ከአፈር መጫኛው ሎደር ጀርባ ነበርኩ። እንደ ልማዱ ሄልሜቱን አውልቆ ለልደታ ተሳለመ፣ መልሶ ደፋና ነፋ።»

«አመሰግናለሁ» አለችው። የሸምሲያን ጎረቤቶች ጠይቃ ስትመለስ ሁሉንም ወደ ሠራተኞቹ የቆርቆሮ ቢሮ ጠራቻቸው።

ወንበር ስላልነበረ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ቀመሪያ ግን የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች፤ እግሯ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«አቶ ገብረጊዮርጊስ የተመቱት አናታቸውን ነው» አለች። «ሄልሜቱ ግን ደህና ነው። አናት የሚፈነክት ድንጋይ መጀመሪያ ሄልሜቱን ይሰብር ነበር። ስለዚህ ሲመቱ ባዶ ራሳቸውን ነበሩ።»

«ወልቆበት ይሆናላ» አለ ፈቃደ።

«ከወለቀ ማን መልሶ ቆለፈላቸው? አቧራው ከሄልሜቱ ሥር፣ ራሳቸው ላይ ነው፤ ቁስሉንም ሸፍኖታል። ሕንፃው ሲናድ ቆስለው ባዶ ራሳቸውን ተደፍተው ነበር ማለት ነው። ሄልሜቱ የተደረገላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ጥጉ ድረስ ሄዶ የነፋው ባለ ቀይ ሄልሜት ማን ነው?»

ቀመሪያ መልሱን ራሷ ሰጠች።

«ያልተሳለመ ሰው ነው። ልማዱን ስለማያውቅ አይደለም፤ ሄልሜቱን ቢያወልቅ መላጣ አለመሆኑን ሕዝቡ ስለሚያይበት ነው። አባባ ከገመዱ አልተነቃነቁም። ሸምሲያ አቧራው ሳይሰክን ወደ ፈረሰው ቤቷ እንጂ ወደ ሬሳው እንዳልሄደች ጎረቤቶቿ አይተዋል፤ እናቷን አብረው ነው ያወጡት። ደግሞስ እናቷ ውስጥ ተኝታ ፊሽካ ትነፋለች? አቧራው ውስጥ መጀመሪያ ሬሳው ጋ የደረሱት፣ ሄልሜቱን መልሰው ሊያደርጉላቸው የሚችሉትም እርስዎ ነዎት፣ ኢንጂነር። እርስዎ ብቻ ‹ሲሳለም አየሁት› አሉ። ገመዱ ጋ የቆመው ሕዝብ ያላየውን እርስዎ ከየት አመጡት? ልማዳቸውን ስለሚያውቁ ገምተው ነገሩኝ።»

ፈቃደ ግድግዳውን ታክኮ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ተቀመጠ።

«ስንት ጊዜ አራዘመብኝ» አለ። «ዛሬ ካልፈረሰ ሥራህን ልቀቅ ተብያለሁ። ሕንፃው ሥር ሆኜ ለመንኩት። ሄልሜቱን አውልቆ ላቡን እየጠረገ ‹አንዲት አሮጊት ውስጥ አለች፣ እኔ አልነፋም› አለና ጀርባውን ሰጠኝ። የፌሮ ብረት በእጄ ነበር…»

«እርስዎ ሲነፉ እሳቸው ሞተው ነበር?»

«አላውቅም» አለ ፈቃደ ፊቱን ሸፍኖ። «ትንፋሹን አላየሁም። ማየት አልፈለግሁም።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ቀመሪያ ገዳይ በያዘች ቁጥር ደስ የሚላት ዘመን ነበር፤ አሁን የሚሰማት ድካም ብቻ ነው። ሸምሲያ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ጠብቀውኝ ነበር ማለት ነው?»

«ጠብቀውሻል» አለች ቀመሪያ።

«እኔ ሬሳቸው ላይ ቆሜ ‹ይበለው› አልኩ።» ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰችው ሴት አሁን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ቆይታ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። «ለቅሶው የት ነው?»

«ተክለ ሃይማኖት ነው» አሉ አባባ ገብረየሱስ። «ግን አሁን አትሂጂ፣ ልጄ። ሚስቱ ዛቻሽን ሰምታ ገዳዩ አንቺ ነሽ ብላ ነው የምታምነው። ያባርሩሻል።»

«ያባርሩኝ» አለች ሸምሲያ፤ በሩን ከፍታም ወጣች።