ከአንድ ትምህርት ቤት ሁለት አይወስዱም

«እውነቱን ልንገርሽ ወይስ የሚያጽናናሽን?» አሉ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሚስ ዳንፎርድ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ሶልቪ እያዞሩ።

ሶልቪ እውነቱን መረጠች። ስክሪኑ ላይ ባለፉት ዓመታት ከዚህ ትምህርት ቤት ሶልቪ ለምትመኘው፣ በአገሪቱ ምሥራቅ ላለው ዩኒቨርሲቲ ያመለከቱ ልጆች በሙሉ በነጥብ ተቀምጠዋል፤ የተቀበላቸው በአረንጓዴ፣ የመለሳቸው በቀይ። ቀዩ ስክሪኑን እንደ ኩፍኝ ወርሶታል። አረንጓዴዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ላይኛው ጥግ ላይ ተጠጋግተዋል። የሶልቪ ውጤት የሚያርፈው ሁለቱ ቀለሞች በሚደባለቁበት ቦታ ነበር። እዚያ አካባቢ አንዱ ለምን እንደተወሰደ፣ ጎረቤቱ ለምን እንደቀረ ነጥቡን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

ሚስ ዳንፎርድ ነገሩን አልሸፋፈኑም። ኖቬምበር ሳይገባ የሚያመለክት ተማሪ መልሱን ከገና በፊት ያገኛል፤ ከተቀበሉት ግን ሌላ ቦታ ላያማትር ቃል ገብቷልና መሄድ ግዴታው ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እንዲህ ልቡ የቆረጠለትን ልጅ ይወዳል። ስለዚህ በዚህ በቀዳሚው ዙር የሶልቪ ዕድል በመደበኛው ዙር ከሚኖራት የተሻለ ነው። ተስፋ አላት፤ ከተስፋ ያለፈ ግን ማንም ሊነግራት አይችልም።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በቀዳሚው ዙር ከአንድ ትምህርት ቤት ሁለት አይወስዱም። የተጻፈ ሕግ የለም። ግን እኔ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንድም ጊዜ ሁለት ወስደው አያውቁም።»

ሶልቪ ሌላ ማን እንደሚያመለክት አልጠየቀችም፤ ታውቃለች። በበሩ መስታወት በኩል ኮርዊን ብላይ አግዳሚው ላይ ረጃጅም እግሮቹን ዘርግቶ ተራውን ሲጠብቅ ይታያታል። ጎረቤቷ ነው፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ከማንም በላይ የምትቀርበው ጓደኛዋ። «እኔ እኮ ለሙድ ነው የማመለክተው» ይላት ነበር። «የሒሳብ ውጤቴን ሲያዩ ሳቃቸው እዚህ ድረስ ይሰማል።» ስትወጣ አውራ ጣቱን ቀስሮ ፈገግ አለላት።

በዚያን ሳምንት ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አላቆመም። ራዲዮው የማዕበል ማስጠንቀቂያ ይደጋግማል፤ የብረት ማዕድን የሚጭኑት መርከቦች ወደቡ ውስጥ ተኮልኩለው ቀርተዋል፤ መርከቦችን የሚመራው የመብራት ማማ ጥሩንባ ተማሪዎቹን ከክፍል ክፍል ይከተላል። ሶልቪ በዚያ ድምፅ መካከል ወደ ምሳ ስትሄድ ነው የእንግሊዝኛ መምህሯ ሚስተር ሃርግሮቭ ኮሪደር ላይ ያስቆሟት።

አዛውንቱ መምህር ዓይናቸው ርሶ ነበር። የኮርዊንን የማመልከቻ ድርሰት እንዲያርሙለት ሰጥቷቸው አንብበው መጨረሳቸው ነው። ወንድሟን ኤስኪልን አስተምረውታል፤ ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት፣ የሐይቁ ባሕረ ሰላጤ በረዶ ተሰብሮ ውሃ ውስጥ እንደገባም ሰምተዋል። «ግን ጎትቶ ያወጣው ኮርዊን እንደሆነ ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አሉ። «በደረቱ ተስቦ፣ ቀበቶውን ወርውሮለት። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ! እናንተ ቤት እንደ ወንድም ቢታይ አይገርመኝም።»

ኤስኪልን ማንም አላወጣውም። በረዶ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በአንገታቸው የሚያንጠለጥሏቸውን ሁለት ሹል ብረቶች በረዶው ላይ እየሰካ፣ ራሱን እየጎተተ ወጣ፤ መንገዱ ዳር ወድቆ በረዶ ጠራጊ መኪና አገኘው። ቤተሰቡ የሚያውቀው ይህን ነው። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከዚያ በኋላ ተቆርጠዋል። ኮርዊን ሆስፒታል የመጣው በማግሥቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በየቀኑ መጥቷል።

ለሚስተር ሃርግሮቭ ምን ብላ እንደመለሰችላቸው በኋላ ማስታወስ አልቻለችም። አመሰግናለሁ ያለች ይመስላታል።

ማታ እናታቸው ሥራ ላይ ነበረች። ኤስኪል ከጀልባ ጥገናው ገብቶ ማጠቢያው ጋ ቆሞ ድንች ይልጣል፤ ድንቹን በቀሩት ሦስት ጣቶች እንዴት እንደሚይዝ ሶልቪ አሁንም ማየት ይከብዳታል። ስለዚያ ቀን እሱም አያወራም፣ ማንም አይጠይቀውም። እሷም መጠየቅ አልፈለገችም፤ ግን የሰማችውን እንዳለ ነገረችው።

ቢላዋው ቆመ።

«ጎትቶ አወጣኝ ብሎ ነው የጻፈው?»

«አዎ። ጭራሽ እዚያ ያልነበረ ልጅ...»

«ነበረ» አለ ኤስኪል።

ሶልቪ የሰማችውን አላመነችም።

«ነበረ፤ ዓሣ ልናጠምድ አብረን ነው የሄድነው። በረዶው ሲሰነጠቅ እሱ ወደ ዳሩ ቀረብ ብሎ ነበር።» ድንቹን እንደገና መላጥ ጀመረ። «ሮጠ።»

ለምን ለማንም እንዳልተናገረ ስትጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ልጅ ነበር አለ። ደንግጦ ነው አለ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ልሮጥ እችል ነበር አለ፤ ይህን ሲል ግን ድምፁ ተጎተተ።

በማግሥቱ ሶልቪ ወደ ትምህርት ቤት በእግሯ ሄደች። ባሕረ ሰላጤው ዳር ዳሩን ስስ በረዶ ጀምሮታል፤ ማዕበሉ ከሥር ሲገፋው እንደሚፈጭ ጥርስ ይንኳኳል። አንድ ቃል ለሚስ ዳንፎርድ ብትናገር ነገሩ ያልቃል። ድርሰቱ ይወድቃል፤ ኮርዊን ይወድቃል። ከዚህ ትምህርት ቤት አንድ ብቻ ይቀራል።

ያኔ ነው ራሷን ያስደነገጠችው። ለካ ሳታውቀው ስታሰላ ኖሯል። ኮርዊን ሲወጣ የእሷ ዕድል ስንት እንደሚደርስ፣ ከተስፋ ወደ ምን እንደሚለወጥ። የወንድሟን ጣቶች አስባ አልተናደደችም፤ ወይም ተናዳ ይሆናል፣ ግን የትኛው ንዴት ለኤስኪል እንደሆነ፣ የትኛው ለቦታው እንደሆነ መለየት አልቻለችም። ቆማ ለመለየት ሞከረች። አልሆነላትም።

ከመጀመሪያው ክፍል በፊት የሚስ ዳንፎርድን በር አንኳኳች። ከቀዳሚው ዙር ወጥታ በመደበኛው ልታመለክት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። አማካሪዋ መነጽራቸውን አወለቁ። በመደበኛው ዙር ከመላ አገሪቱ ጋር እንደምትፎካከር፣ ዕድሏ በገዛ እጇ እንደሚጠብብ፣ ደግማ እንድታስብ ነገሯት። ምክንያቱን ጠየቁ። ሶልቪ ምክንያቱ የእሷ ብቻ ስላልሆነ ልትነግራቸው እንደማትችል ተናገረች።

ኮርዊንን ያገኘችው ከትምህርት በኋላ፣ ወደቡ አጠገብ በሚያቆማት አሮጌ ፒካፕ ውስጥ ነው። መርከቦች ሲወጡ አብረው የሚያዩት እዚያ ሆነው ነበር። ዛሬ የሚወጣ መርከብ የለም፤ ማዕበሉ የድንጋይ ግድቡን እየዘለለ የፊት መስታወቱን ይረጫል።

«ሚስተር ሃርግሮቭ ስለ ድርሰትህ ነገሩኝ» አለችው።

ኮርዊን መሪውን ጨበጠ። ከዚያ ሳቀ። «አቦ፣ እኚህ ሰውዬ አፋቸው አይዘጋም ማለት ነው?» ሶልቪ እንዳልሳቀች ሲያይ ሁሉም ሰው ትንሽ እንደሚያጋንን፣ ባዶ ውጤት ይዞ የሚሄድ ሰው የሆነ ነገር መጨመር እንዳለበት አስረዳት። «አታካብጂ፣ ሶልቪ። ማንንም አልጎዳሁም።»

«ኤስኪልን ጠየቅኩት።»

መስታወቱ በትንፋሻቸው ደበዘዘ።

«ምን አለሽ?»

«ነበረ አለኝ። ሮጠ አለኝ።»

ኮርዊን ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። መጀመሪያ እውነቱን ልጽፍ ነበር አለ። ጽሑፉን ስለ ፍርሃት ብሎ ነው የጀመረው፤ እስከ በረዶው ድረስ ያለው ሁሉ እውነት ነው። «እዚያ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሌላውን ጻፈ። በሐሳቤ እኮ ሁልጊዜ አወጣዋለሁ። ገና ዓይኔን ስጨፍን አወጣዋለሁ።» ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ልትናገሪብኝ ነው?»

ሶልቪ ከቀዳሚው ዙር መውጣቷን ነገረችው።

«አብደሻል?»

«ይህን ያነሳችው ለዩኒቨርሲቲው ቦታ ብላ ነው እንዳትል። እኔም ለራሴ እንዲያ እንዳልል።» እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። «አልናገርብህም። ግን ከመላክህ በፊት ለኤስኪል አንብብለት። ቤት መጥተህ፣ ፊቱን እያየህ። እስከ መጨረሻው ማንበብ ከቻልክ ላከው።»

ከመኪናው ወርዳ በነፋሱ ውስጥ ስትሄድ ሞተሩን ሲያስነሳ አልሰማችም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ቤታቸው ሲመጣ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያስቃት፣ እሷን ፈልጎ ነበር ወይስ እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ የሚፈልገው ነገር ነበር? ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንደረሳች ያወቀችው ቤቷ ስትደርስ ነው።

ማመልከቻው የሚዘጋው ቅዳሜ ነበር። ኮርዊን ሊያነብለት ሊመጣ እንደሚችል ሶልቪ ለኤስኪል ነግራዋለች፤ እሱም «ይምጣ» ብሎ ሾርባውን ወደ ማማሰል ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ የፒካፗ ድምፅ ደጅ ላይ መጥቶ ቆመ። ማንም አልወረደም። ሶልቪ በመስኮቱ ልታይ ስትነሳ ኤስኪል «ተዪው» አላት። ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

ኮርዊን ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ጎሮሮው ድረስ እንደተዘጋ፣ በሩ አጠገብ ቆመ። ሰላምታም አልሰጠም። ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ።

መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ብርዱን፣ በጨለማ መነሳታቸውን፣ ኤስኪል በመንገድ ላይ የዘፈነውን የማይረባ ዘፈን አነበበ፤ ኤስኪል በዘፈኑ ፈገግ አለ። ከዚያ በረዶው ተሰነጠቀ። ኤስኪል ውሃው ውስጥ ገባ። «እኔም...» አለ ኮርዊን። «እኔም በደረቴ...» ስልኩን አፍጥጦ አየው። ቀጣዩ ቃል እዚያው ፊቱ አለ፤ ከንፈሩ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ጀርባህን አይቻለሁ» አለ ኤስኪል። ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጃኬትህን። ወደ መንገዱ ስትሮጥ። እርዳታ ሊጠራልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሰው ይዞ እስኪመጣ ልቆይ አልኩና ጠርዙን ያዝኩ። ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ ነው የተሳብኩት።»

ይህን ለሶልቪም አልነገራትም ነበር።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለ ኮርዊን፤ ድምፁ የሚሰማው በጭንቅ ነው። «ቤት ገብቼ አልጋዬ ውስጥ ገባሁ። ብርድ ልብሱን ተሸፈንኩ።»

«አውቃለሁ። ማንም አልመጣማ።»

ኤስኪል ይህን ያለው ያለ ቁጣ ነበር፤ ሶልቪ ቢቆጣ በወደደች። ኮርዊን ወደ በሩ የሚዞር መሰላት። እግሩም ዞሮ ነበር። ግን እጁ ወደ እጀታው ሳይሆን ወደ ጃኬቱ ዚፕ ሄደ፤ ቀስ ብሎ ከፈተው፣ አወለቀው፣ የት እንደሚያስቀምጠው ሳያውቅ ይዞት ቆመ። ዛሬ የሚልከው ነገር እንደሌለ ተናገረ።

«እሱን ሰኞ ለሚስ ዳንፎርድ ንገራቸው» አለ ኤስኪል፣ በእግሩ ወንበር ወደ እሱ እየገፋ። «ለእኔ ያን ቀን ንገረኝ። ከጠዋቱ ጀምር። እኔ ያላየሁትንም።»

ኮርዊን ተቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ ሶልቪን አያት፤ እሷም ትቀመጥ እንደሆነ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሦስተኛው ወንበር ባዶ ነው። እሷም ያን ቀን ማወቅ ትፈልግ ነበር፤ የኤስኪልን ጣቶች ባየች ቁጥር ፈልጋለች። ያ ቀን ግን የሁለቱ ነበር።

ምድጃውን አጠፋች። ካፖርቷን ከመስቀያው አንሥታ ወደ ደጅ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ሳብ አድርጋ ዘጋችው። ሐይቁ ከዛፎቹ ባሻገር ያገሳል። ከበሩ ጀርባ የኮርዊን ድምፅ ዝግ ብሎ ሲጀምር ሰማች፤ ቃላቱ ገና አልተለዩም። እንዳይለዩ፣ ደረጃውን ወርዳ ወደ ነፋሱ ራቅ አለች።