የተደፈነው ቱቦ

«‹ባለፈው ዓመት የተከልናቸው ችግኞች በሙሉ ጸድቀዋል› የሚለውን ጮክ ብለሽ አንብቢ» አሏት መምህር ኮምቦ ወረቀቱን እየሰጧት።

የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ መሪ ዙሁራ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ አሸዋውን አየች። አምና የተከሉት ሁሉ ደርቆ ጭራሮ ሆኗል። ካቻምናም እንደዚሁ ነበር። ሰውየው ዓይናቸውን በጨው አጥበው እንዲህ ሲሏት አንጀቷ አረረ።

«መምህር፣ አንድም አልጸደቀም እኮ።»

«እንግዶቹ ሊቆጥሩ አይመጡም። አንቺ ብቻ አንብቢ።»

እንግዶቹ በየዓመቱ ለችግኝ ተከላ ከሞምባሳ ይመጣሉ። ጫማቸው እንዳይጨቀይ ተብሎ ማንግሮቩ፣ ያ የባሕር ዳር ዛፍ፣ ነጩ አሸዋ ላይ ይተከላል፤ ለፎቶም እዚያ ያምራል። ማንግሮቭ ጭቃ እንደሚወድ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ግን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፣ ዘንድሮም እዚያው ሊተክሉ ነው።

ነባሩ ደን ከመንገዱ ማዶ ነው። መንገዱ ሲሠራ፣ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ውሃው ወደ ደኑ እንዲያልፍ አንድ ቱቦ ከሥሩ ተቀብሮ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ኃይለኛ ጎርፍ መጥቶ ቱቦውን በደለል ደፈነው። ከዚያ ወዲህ ዛፉ እንደቆመ ይደርቃል፣ ሸርጣኑም እየጠፋ ነው። ሸርጣን እየያዙ ያሳደጓት አያቷ ባኮሪ ትምህርት ቤቱ ድረስ ስንቴ ተመላለሱ። ቱቦውን ክፈቱት፣ ውሃው ራሱ ዘሩን ይዞ ገብቶ ይተክለዋል ቢሉ የሚሰማቸው ጠፋ። አሁን ባዶ ቅርጫት ይዘው ሲመለሱ ዙሁራን ቀና ብለው አያዩዋትም። እሷን የሚያበግናት ይኸው ነው።

መኪኖቹ ደረሱ፤ ከበሮው ተመታ። ጓደኛዋ ምዌንዬ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አታካብጂ ባክሽ፣ አንብቢና እንገላገል። የክበቡን መሪነት ይነጥቁሻል።»

«ይንጠቁኛ!»

ለክብር እንግዳው የተዘጋጀው አዲስ አካፋ ቀይ ሪባን ታስሮበት ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ዙሁራ ሪባኑን ፈትታ ከወረቀቱ ጋር ለምዌንዬ አስጨበጠቻትና አካፋውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ስሟ በድምፅ ማጉያው ሲጠራ መንገዱ ጋ ደርሳ ነበር።

ቱቦው አፍ ላይ ተንበረከከች። ደለሉ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ስሟ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራ፤ ዞር ብላም አላየች። እንግዶቹ ሲመለሱ የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነው። የዛቀችውን ደለል መሀል መንገዱ ላይ መከመር ጀመረች።