አባ ተድላና የተገዘተው ምንጭ

በሰንደራ ምድር ፀሐይ በቀትር ደም የለበሰች ዕለት፣ ዐይነ ሰማይ የተባለው ምንጭ ዝም አለ። ንጉሥ አዝማክ ውኃውን ለራሱ ብቻ ሊያደርግ በማኅተም ድንጋይ ዘጋው፤ ሊቀ ካህናቱም፣ «ይህን ማኅተም የነካ ድንጋይ ይሁን» ብሎ ገዘተለት። ዛሬ ውኃ የሚገዝት ካህን ነገ እሳት ለመባረክ አያፍርም። የሰንደራ ካህናት ግን አሜን አሉ፤ የእነሱ ማድጋ ሙሉ ነበራ!

አንዱ ብቻ ሳቁ። አባ ተድላ ቦርጫም፣ ጨዋታ ዐዋቂ፣ የጠላ ወዳጅ ነበሩ። በዚያ ሳቅ ከደብራቸው ተባረሩና በበቅሎ ወደ ጭላት ገደል ወጡ፤ ጀግንነታቸው በየዘፈኑ ወደሚነሣላቸው ሽፍቶች ዘንድ። ሽፍቶቹ ይህን ሆድ ተሸክማ የምትሮጥ በቅሎ አለች ወይ ብለው ተሳለቁባቸው። እሳቸውም እሷ ስትደክም እናንተ አላችሁልኝ አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ሂዱ ያላቸው የለም።

የሽፍቶቹ አለቃ ሐመልማል ገና ወጣት ናት። በውኃ ጥም በሞተችው እናቷ መቃብር ላይ ማኅተሙን ልትሰብር ምላለች። ጦር የማይፈሩት ሰዎቿ ግን ግዝት ይፈሩ ነበር። አባ ተድላ ግዝት እንደ ንብ ነው፣ አንዱን ነድፎ ይሞታል ብለው አስረዷት። ሐመልማልም ያ አንዱ እኔ ነኝ አለች። ካህኑ ያን ቀን ወደ ምንጩ ሲሄዱ መንገዱን ሁሉ አልቀለዱም፤ ንቢቱን ያሳዩዋት እሳቸው ናቸውና።

ምንጩን ከጥም የተፈጠሩ ክንፋም ጅቦች ይጠብቁት ነበር። ሽፍቶቹ በጦር ሲገጥሟቸው ሐመልማል በመካከል ሰንጥቃ ከማኅተሙ ደረሰች። እጇን ስትዘረጋ አባ ተድላ በመቋሚያቸው መቷት።

«አባ፣ መሐላ አለብኝ» አለች።

«እሱም በእኔ ይሁን። አንቺ የምትመሪው ሕዝብ አለሽ ልጄ፤ እኔ ያለኝ ይህ ቦርጭ ነው። የካህን አፍ የዘጋውን የካህን እጅ ይክፈተው።»

ማኅተሙን ገፉት። ውኃው ፈነዳ፤ ጅቦቹም እንደ ትቢያ በነኑ። ግዝቱም ያዛቸው፤ ሰውነታቸው ከጣታቸው ጀምሮ ወደ ላይ ድንጋይ ሲሆን፣

«ከእንግዲህ ጹም የሚለኝ የለም» ብለው ሳቁ። ድንጋዩ አፋቸው ላይ ሲደርስም ሳቁ አላለቀም ነበር።

ሊቀ ካህናቱ ያ ሐውልት ርጉም ነው፣ ማንም እንዳይጠጋው ሲል አወጀ። በማግስቱ ሐመልማል እንስራ ሞልታ ወጣችና፣ ትከሻዋ ሲዝል በአባ ተድላ ቦርጭ ላይ አሳረፈችው። የሰንደራ ሴቶች ዛሬም እዚያው ያሳርፋሉ።