ባለ አምስት ወንበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ ሄዷል፤ ዛሬ ይመለሳል ብዬም አላስብም። ናሆም፣ ሻማዋን ራቅ አድርጋት፣ ዓይኔን ወጋችኝ። ዝናቡ ይዝነብ፤ እሱ የራሱ ሥራ አለው።

ነገ አባታችሁ መኪና ሊገዛ ይሄዳል። እሰየው ነው። ስንት ዓመት የለመንነው ነገር ነው። ግን ትንሿን ነው የምገዛው ይላል። «አራት ሰው ነን፣ ትልቅ መኪና ምን ያደርግልናል?» ይላል። እኔ ደግሞ መካከለኛዋን ነው የምለው፣ ከኋላ ሦስት ሰው ሳይጣበብ የምታስቀምጠውን። ጎረቤታችን ዘነቡ ይኸው ትስቅብኛለች። «አንቺማ ታክሲ ላይ የሁለት ሰው እየከፈልሽ የምትሄጂ ሴት፣ አውቶቡስ ይግዛልሽ» ትላለች። ሳቂ ዘነቡ። እጠብቅሻለሁ።

ጨረስሽ? እንግዲያው ስሙኝ።

ድሮ ነው። አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፣ ነፍሱን ይማረው። አገሩንም አልነግራችሁም። ከከተማ ወደ መንደሩ የአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ነው፤ አቧራ መንገድ። ግራና ቀኙ ሜዳ ነው። ቤት የለም። ብርሃን የለም። መሐል ላይ አንድ ዋርካ አለ። ከዋርካው ሌላ ምንም የለም።

ይህ ሰው አንድ ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚያ መንገድ ብቻውን መኪና እየነዳ ይመጣል። መኪናዋን የገዛት በዚያው ቀን ነው። አዲስ አይደለችም። ለእሱ ግን አዲስ ናት። ዋርካው ጋ ሲደርስ ፊቱን አዞረ። ለምን አዞረ? አትጠይቁኝም?

ከሁለት ዓመት በፊት ሚስቱን ምጥ ይዟት፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት በዚህ መንገድ ሄደው ነበር። ከተማ አልደረሱም። ዋርካው ሥር ወለደች። ወንድ ልጅ ነው። አለቀሰ፤ ከዚያ ዝም አለ። ክርስትና ሳይነሣ ስለሞተ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልገባም። እዚያው ዋርካው ሥር ቀበሩት። እናቱ ፊቱን ሳታየው ነው የቀበሩት። ከዚያ ቃሬዛውን ይዘው ተመለሱ።

አሁን ሚስቱ ደግማ ፀንሳለች። ሰውየው መኪና የፈለገው ለዚህ ነው። ለኩራት አይደለም። የባሕር ዛፍ ጫካውን ሸጦ ነው የገዛት። ሁለተኛ ጫካ አልነበረውም።

አገዛዙን ልንገራችሁ። ጥፋቱ አገዛዙ ላይ ነው።

ከተማው ውስጥ ላቀው የሚባል ደላላ ነበር። ወሰደውና አሳየው።

«ይቺ የቤት መኪና ናት። አንድ እጅ ብቻ ነው የነካት» አለው።

«የማን እጅ?»

«የአቶ ወንድይፍራው። ጨዋ ሰው ናቸው።»

«እሳቸውስ የት አሉ?»

«አልተመቻቸውም» አለ ላቀው።

አልዋሸም። ከሞቱ አሥራ ስምንት ቀናቸው ነበር።

ሰውየው ወታደር ቤት የጭነት መኪና ነድቷል፤ መንዳት ያውቃል። መግዛት የሚያውቀው ግን በሬ ነው። እንደ በሬ ዞራት። እንደ በሬ ጎኗን መታ መታ አደረጋት። ኮፈኑ ሲከፈትለት ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ፤ ጥርሷን ሊቆጥር ምንም አልቀረው።

በእነሱ አገር በሬ ሲሸጥ አንድ ወግ አለ። ባለቤቱ ራሱ ገመዱን ከአንድ እፍኝ ሣር ጋር ይይዝና በእጁ ለገዢው ይሰጣል። «ይባርክልህ» ይላል። ገዢ ከደላላ እጅ ገመድ አይቀበልም። ከተቀበለ በሬው ማታ ማታ ወደ ድሮ ጌታው በረት ይሄዳል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሰውየውም ያውቀዋል። ግን «ብረት ነው፤ ብረት በረት አይናፍቅም» አለና ቁልፉን ከላቀው እጅ ተቀበለ።

እሺ። አሁን መንገዱ ላይ ነን። ጨለማ ነው። ዋርካውን አልፏል። ያኔ የተቀመጠበት ወንበር ወደ ኋላ ሸሸ። እግሩ ፍሬኑ ላይ አልደርስ አለው። እንደምንም አቆማትና ወንበሩን ወደ ፊት ሳበው። ትንሽ ሄደ። ወንበሩ ደግሞ ሸሸ። «ላልቷል» አለ። ቀና ብሎ ስፖኪዮውን አየ። የሚያሳየው ጣሪያውን ነው፤ ለረጅም ሰው እንደተስተካከለ። ወደ ራሱ መለሰው። ስፖኪዮው ቀስ ብሎ ወደ ጣሪያው ተመለሰ። «ይሄም ላልቷል» አለ።

ከዚያ ከኋላ ወንበር ሰው አነጠሰ።

«ይማርህ» አለ ሰውየው። ልማድ ነው። እናንተስ ብትሆኑ አትሉም?

«ያኑርህ» አለው ከኋላ።

ትንሽ እንደሄደ ብቻውን መሆኑ ትዝ አለው።

ምን አደረገ? ምን ያደርጋል? መሪ ይዟል። ከዳዊት የሚያውቀውን ደገመ፤ የሚያውቀው ግማሽ ገጽ ነው፣ ያንኑ ስምንት ጊዜ ደገመው። ቤቱ ገባ። ለሚስቱ አልነገራትም። እርጉዝ ሴት እንዲህ ያለ ነገር አይነገራትም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አማቱን ቤተ ክርስቲያን ሊያደርስ ወጣ። አማቱ ቆብ የጫኑ እማሆይ ናቸው። የኋላውን በር ከፈቱና ቆሙ።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ። እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አሉ።

ከዚያ ገብተው ተቀመጡና ወደ አማቻቸው ዞሩ። «አንተ ደግሞ እንግዳ ጭነህ ዝም ትለኛለህ? ነውር አይደለም?»

«የምን እንግዳ እማሆይ?»

«ይኸ ረጅሙ ሰውዬ ነዋ!»

ሰውየው ዞሮ አየ። ወንበሩ ባዶ ነው። እማሆይ ግን ጥግ ይዘው ነው የተቀመጡት፣ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ሰው እንዳይረግጡ። «ዓይናቸው ደክሟል» አለ በልቡ። እውነት ነው፣ ደክሞ ነበር። ቁመቱን ግን አልሳቱም።

ሰኞ ጠዋት ላቀው ዘንድ ሄደ። «አቶ ወንድይፍራው ሞተዋል እንዴ?» አለው።

«ታዲያ አልተመቻቸውም አላልኩህም?»

«እንዴት ሞቱ?»

«ልብስ ሰፊው በር ላይ። ሱሪ ሊያወጡ ነው የወረዱት። ሞተሩን እንኳ አላጠፉትም፣ አሁን መጣሁ ብለው። ሱሪው እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ዘመዶች ናቸው አርባቸው ሳይወጣ የሸጧት። ይልቅ ንገረኝ፣ ሞተሩ እንዴት ነው?»

«ሞተሩ ደህና ነው።»

«ይኸው!» አለ ላቀው።

መኪናዋ ከተገዛች ሦስት ሳምንት ሆናት። ወንበሩ ይሸሻል፣ ሰውየው ይስበዋል። ለመዱ። ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ልክ እንደዛሬው ዝናብ እየዘነበ፣ ሚስቱን ምጥ ያዛት። ደግፎ ወደ መኪናዋ አመጣት። እማሆይ ቀድመው በሩን ከፈቱ።

«ጌታዬ፣ ምጥ ነው፤ እባክዎ ከፊት ይሁኑልን» አሉ።

መኪናዋ ከኋላ ከፍ አለች። ከፊት፣ በሾፌሩ ጎን፣ ዝቅ አለች። ሰውየው ወደዚያ አላየም። ሚስቱንና እማሆይን ከኋላ አስገባና ነዳ። ዋርካው ጋ ሲደርሱ ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። አለፉት።

ከተማው መግቢያ ላይ መንታ መንገድ አለ። የግራው ወደ ሐኪም ቤት ነው። የቀኙ አቶ ወንድይፍራው ይኖሩበት ወደነበረው ሰፈር ነው። ሰውየው መሪውን ወደ ግራ አዞረ። መሪው ወደ ቀኝ ዞረ። በሁለት እጁ ያዘና ጎተተው። ሞተሩ ጠፋ።

«ምነው ቆምክ?» አለች ሚስቱ። «ምነው ቆምክ? መጣ እኮ! እንደዚያኛው መንገድ ላይ ልወልደው ነው?»

ያኔ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎኑ ዞረ።

«ጌታዬ፣ ምን ፈለጉ?» አለ።

«ቤቴን» አለ ድምፁ። «ነገ አርባዬ ነው። ለአፍታ ብዬ ነው የወረድኩት።»

«ሚስቴን ላድርሳትና፣ ማርያምን፣ ሳይነጋ እወስድዎታለሁ።»

«በማን መኪና?» አለ ድምፁ።

ምን ይመልሳል? እናንተስ ምን ትመልሳላችሁ? በማን መኪና?

ሰውየው መሪውን ለቀቀ። ከዚያ ገባው። ቁልፉን ነቀለ። ዝናቡ ውስጥ ወረደና ከመንገዱ ዳር አንድ እፍኝ ሣር ነጨ። ቁልፉን ከነሣሩ በሁለት እጁ ይዞ በሾፌሩ ጎን ባለው መስኮት ወደ ጨለማው ዘረጋ።

«ይቀበሉኝና ከእጅዎ ይስጡኝ» አለ።

ቀዝቃዛ እጅ ከመዳፉ ላይ ቁልፉን አነሣ። ከኋላ ሚስቱ ታቃስታለች። እማሆይ ጀርባዋን እያሹ ማርያም ማርያም ይላሉ። ሰውየው እጁን እንደዘረጋ ቆሟል፤ ዝናቡ መዳፉ ላይ ይጠራቀማል። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ቁልፉ ከነሣሩ መዳፉ ላይ ተመለሰ።

«ይባርክልህ» አለ ድምፁ። «ልጅ ጫንባት።»

መኪናዋ በመጀመሪያው ተነሣች። ወደ ግራ ታጠፈች። ደረሱ። ሳይነጋ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰውየው ቃሉን አልበላም። ጎህ ሲቀድ ወደ ቀኙ መንገድ ሄደ። የአቶ ወንድይፍራው ደጅ ላይ ለተዝካሩ ድንኳን ይተከላል። በድንኳኑ ደጃፍ አቆመና ወርዶ በሾፌሩ ጎን ያለውን በር ከፈተ። ለአንድ ሰው መውረጃ የሚበቃ ጊዜ ጠበቀ። መኪናዋ ከፍ አለች። በሩን ዘጋ።

አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት መጡ። «ማንን ፈልገው ነው?» አሉት።

«ማንንም። ሰው ላደርስ ነው» አለና ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩ አልሸሸም። ስፖኪዮውም ጣሪያ አላየም። ፍሬ፣ ተኛሽ እንዴ? አልቋል ብለሽ ነው? ሰውየውም አልቋል ብሎ ነበር። ይህ ነገር በሃይማኖታችን እንዴት ይታያል ካላችሁ ቄሱን ጠይቁ። እኔ የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው። ከፊት ሰውየው ብቻውን። ከኋላ ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ከጎኗ እማሆይ። ዋርካው ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ቆመች። ሞተሩ ይሠራል፤ እሷ ግን ቆማለች። ከኋላ፣ በሚስቱ በኩል ያለው በር በራሱ ተከፈተ።

ማንም የለም። ዋርካው ብቻ ነው።

ከዚያ መኪናዋ ዝቅ አለች። እንደ ረጅሙ ሰውዬ አይደለም። ትንሽ። አንድ ቁና እህል የተቀመጠባት ያህል። ሰላምታ የማያጓድሉት እማሆይ ያን ጊዜ ሰላም አላሉም። ወደ ዋርካው አዩ። ወደ ልጃቸው አዩ።

«ልጄ፣ ጠጋ በይ» አሉ። «ለልጁ ቦታ ስጪው።»

ሚስቱ የትኛው ልጅ አላለችም። ሴቷ ጭኗ ላይ ናት። ጠጋ አለች። ሰውየው ወረደና በሩን ዘጋው፤ ሕፃን የተኛበት ክፍል እንደሚዘጋ አድርጎ ነው የዘጋው። ከዚያ እስከ ቤታቸው ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ።

ይኸው ነው።

ምነው ዝም አልሽ ዘነቡ? ሳቂ እንጂ።

ልጅቷ አደገች። ከተማ መጣች፣ አገባች፣ ሁለት ወለደች። ታክሲ ስትሳፈር የሁለት ሰው ትከፍላለች። ምን ታድርግ? ታላቅ ወንድሟን አቁማ እሷ ትቀመጥ?

ምትኩ፣ ነገ ስትሄድ ቁልፉን ከደላላ እጅ እንዳትቀበል። ባለቤቱን ጥራልኝ በል። አልተመቸውም ካሉህ ከመቼ ጀምሮ ብለህ ጠይቅ። ስትመለስም ብቻዬን ነኝ ብለህ አትንዳ፤ ብቻውን የሚነዳ የለም። ሣሩን እኔ ጠዋት አጭድልሃለሁ። ወንበሩ ደግሞ አምስት ይሁን። አራት ነን አትበል፣ ቅር ይለዋል። ይኸው ዛሬም ጨለማውን ፈርቶ መጥቷል።

ናሆም፣ ጠጋ በል። ቦታ ስጠው።