ነጥቆ መመለስ

የፖሊሱ ሬሳ ራስን መከላከል በተማረበት ምንጣፍ ላይ ተዘርሯል። ደረቱ አንዴ ተወግቷል፤ ቢላዋው አጠገቡ ነው። መዳፉ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። ያ ጎበዝ ዝም ብሎ ተወጋ ማለት ለማንም አልዋጥ አለ።

መርማሪዋ የያዘችውን አትለቅም፤ ባልደረቦቿ በሌለችበት «መዥገር» ይሏታል፣ እሷም ታውቃለች። የአዳራሹ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ አዲሱን ሥልጠና የነደፉት አሰልጣኝ፣ የሟቹ የልምምድ ጓደኛ የሆነ ፖሊስ እና የዕቃ ቤት ኃላፊዋ።

«ጠላት ነበረው?»

«ኧረ የለውም!» አለች ኃላፊዋ እያለቀሰች። «ብቻ አንድ እስረኛ በፖሊስ ታንቆ ሲጎዳ አይቷል፤ ፍርድ ቤት ሊመሰክር ነበር። ማን እንዳነቀው ግን አልነገረኝም።»

ጓደኛው አንገቱን እንደደፋ «ምንም አላውቅም» አለ።

አሰልጣኙ ፊታቸው ጠቁሯል። «ቢላዋ መንጠቅ ላይ እሱን የሚያህል አልነበረኝም። ሥልጠናው ሰኞ ለሁሉም ጣቢያ ሊሰጥ ነው። ምን ብዬ ላስተምር?»

«እስቲ እኔ ላይ ያሳዩኝ።»

የእንጨት ቢላዋ ይዛ ሰነዘረችባቸው። የእጇን አንጓ ጠምዝዘው ነጠቋት፤ ወዲያው ስለቱን በጣታቸው ይዘው እጀታውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ድገም!» አሉ፣ በልምምድ እንደለመዱት ሳያስቡት።

መርማሪዋ ክው አለች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«እጀታው ተጠርጓል። የሟቹ አሻራ የቀረው በስለቱ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ነው፤ ሰው ለሰው ቢላዋ ሲያቀብል እንደሚይዘው። ገዳዩን አሸንፎ ነጥቆታል። ከዚያ እጁ እንደለመደው መለሰለት።»

አሰልጣኙ ግድግዳውን ተደገፉ።

«የተነጠቀ ሰው ደግሞ አንጓው ይበልዛል፤ ይኸው የእኔ። እጅጌያችሁን ሰብስቡ።»

ሁለቱ ሰበሰቡ። የልምምድ ጓደኛው እጁን ኪሱ ከተተ።

«ሲነጥቀኝ ተመስገን ብዬ ነበር» አለ። «እውነቴን ነው፣ ተርፌ ነበር። እሱ ግን መልሶ እጄ ላይ አኖረው። ሊመሰክርብኝ ስለነበር ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።»

ወሰዱት። አሰልጣኙ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ቀን ጠይቆኝ ነበር፤ ‹ለምን እንመልሳለን? ለምን ወዲያ አንወረውረውም?› ብሎ።»

«ምን አሉት?»

«ለማንሳት ስትመላለሱ ጊዜ ታባክናላችሁ አልኩት።»